በ61ኛው ሜትር ላይ ድንጋዩ አለቀ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝ። በሚሠራበት ከተማ የመጠጥ ውሃ ዋና ቧንቧ በአንድ ጉብታ ሥር ሊያሳልፉ ነው፤ ርዝመቱ 80 ሜትር ገደማ። «ጋሼ፣ በስንት ቀን ይወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ ብጠይቀው «በጣም ጠንካራ ነው፤ ያስፈራን እሱ ነው» አለ። ሳቅኩ። ሳቄ ደስ አላለውም መሰለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ አዳማ ላይ የምፈራው ይህንኑ ነበር። ጠንካራውን ድንጋይ እንደምንም በሰላም ጨረስነው፤ ያሰቃየን ድንጋዩ ያለቀበት ቦታ ነው። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ከነስህተቴ ጻፍኩት።

አዳማ የምትጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው። ከመሬት በታች ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ፍሎራይድ አስቸግሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ከእኩዮቼ መካከል ወንጂ ያደጉት ጥርሳቸው የቡና ቀለም የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውሃው ከወንዝ ተስቦ ይጣራል፣ በፓምፕ ተገፍቶ ከፍታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ሰፈሮች ይወርዳል። ለእኛ የደረሰን ድርሻ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነበር፤ 400 ሚሊ ሜትር የብረት ቧንቧ በአንድ ጉብታ ሥር የሚያልፍበት 96 ሜትር። ከላይ ቦይ ቆፍሮ መቅበር አይቻልም ነበር። ቤቶች ሰፍረውበታል፣ መንገድ ያቋርጠዋል፣ ጥልቀቱም መሐል ላይ 14 ሜትር ይደርሳል። እኔ በትምህርት ቀያሽ ነኝ። የሥራ ተቋራጩ የዋሻ ሰው ስላልነበረው ቀስ በቀስ የቦታው ኃላፊ ሆንኩ።

ስለ መሬቱ ትንሽ ልበል፤ ሳይረዱት የገቡበት ሰው ሁሉ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነውና። የአዳማ ዙሪያ መሬት እሳተ ገሞራ የከመረው ነው። ሶደሬ የሚፈላው ውሃና ቦኩ ላይ ሰው የሚታጠንበት እንፋሎት እሳቱ ገና ፈጽሞ እንዳልበረደ ይመሰክራሉ። በአንድ ዘመን የጋለ አመድ እንደ ጎርፍ ፈስሶ፣ በራሱ ሙቀት ተጣብቆ፣ ኢግኒምብራይት የሚባለው ዓለት ሆነ። በሌላ ዘመን ፑሚስ፣ ማለትም ውስጡ በአየር የተሞላና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ፣ ከሰማይ ዘንቦ ተከመረ። በመሐል ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ አሸዋ፣ አንዳንዴም እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ባልጩት ይገኛል። በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ረጅም ዘመን ካለፈም የድሮው አፈር ተቀብሮ ሸክላ ሆኖ ይቆያል፤ ያ ሸክላ ውሃ ሲነካው ያብጣል። እንግዲህ መሬቱ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱን መትቶ ጠንካራ ነው የሚል ሰው ስለ ውስጡ ገና ምንም አላወቀም። በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች አሉ። በእኛ አካባቢ በአብዛኛው ከደቡብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ዋሻህ እነዚህን አቋርጦ ቢሄድ በአንድ ቦታ ትሰቃይና ታልፋለህ። አብሮአቸው ጎን ለጎን ቢሄድ ግን መከራው ከአንተ ጋር ይጓዛል። አቅጣጫውን የመምረጥ ዕድል ካለህ ከምንም በፊት ይህን ተመልከት።

ጥናቱን የሠራው ድርጅት ሁለት የፍተሻ ጉድጓዶች አስቆፍሮ ነበር፤ አንዱ በደቡብ መግቢያ፣ ሌላው በሰሜን መውጫ። ሁለቱም ጥሩ ኢግኒምብራይት አሳይተዋል። በወረቀቱ ላይ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮ «ተመሳሳይ ዓለት» ተጽፎ ነበር። ያንን መስመር ዛሬም አልረሳሁትም። ማስመሪያና እርሳስ ያለው ሰው ሁሉ ሊያሰምረው ይችላል።

ከደቡብ ጀመርን፤ ቁልቁለቱ ወደ መግቢያው እንዲሆን ሽቅብ ነበር የምንቆፍረው። ይህን ማንም እንዳያስቀይርህ። ሽቅብ ስትቆፍር ውሃው በራሱ ጊዜ ይወጣልሃል፤ ቁልቁል ስትቆፍር ግን እግርህ ሥር ይጠራቀምና ለፓምፕ ባሪያ ትሆናለህ። የዋሻው ስፋት 2.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ አናቱ ቅስት ነበር። ጠዋት በኮምፕሬሰር መሰርሰሪያ ሃያ ምናምን ቀዳዳ እንበሳለን፤ ከቀትር በኋላ ፈቃድ ያለው የፈንጂ ባለሙያ ያፈነዳል፤ ጭሱ በማናፈሻ እስኪወጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ከዚያ የተንጠለጠለውን ድንጋይ በዲጂኖ እየነቀልን ፍርስራሹን እናወጣለን። አንድ ፍንዳታ 1.2 ሜትር ወደፊት ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ስድስት ሜትር ኩብ ዓለት ነው። ሲፈራርስ ደግሞ ያብጥና ዘጠኝ ሜትር ኩብ ይሞላል። ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ስልሳ ሊትር ያህል ስለሚይዝ 150 ምልልስ ማለት ነው፤ በየቀኑ፣ እየራቀ በሚሄድ መንገድ ላይ። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጡ ሰዎች ሁልጊዜ ቁፋሮውን ያሰላሉ፤ ጋሪውን ይረሱታል።

የሆነው ሆኖ ጠንካራው ዓለት ታማኝ ነበር። መሰርሰሪያው ቢያለቅስም፣ ጥርሱ በየሳምንቱ ቢያልቅም፣ አናቱ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስልሳውን ሜትር በ52 የሥራ ቀን ጨረስን። ላሊበላን ያነጹ ሰዎች መሮና መዶሻ ይዘው ከአንድ ወጥ ድንጋይ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፍሉ፣ የዝናቡን ውሃ መውረጃና የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያውን ጭምር ሲያበጁ፣ የመረጡት ዓለት የሚቆርጡት ለስላሳ፣ የማይፈርስባቸው ጠንካራ ነበር። እኛ ግን መምረጥ አንችልም ነበር፤ ቧንቧው የሚያልፍበት ተወስኗል።

ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር፤ አቧራው። የእኛ እሳተ ገሞራ ድንጋይ አብዛኛው ሲሊካ ነው። ደረቅ ስትበሳ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የሚያመጣው በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል፣ መድኃኒትም የለውም። በመሰርሰሪያው ውስጥ ውሃ እያሳለፉ መብሳት አቧራውን ከሥሩ ይገድለዋል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሻርፕ አፍን መሸፈን ግን ራስን ማታለል ነው። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የውሃ ቱቦ አልገዛንም ብለን በደረቁ በሳን። በዚያ ጊዜ የነበሩትን ልጆች ባሰብኩ ቁጥር አሁንም አያስችለኝም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ገና ሲጀመር አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር። በየአራት ሜትሩ ከፊታችን ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን የፍተሻ ቀዳዳ እንበሳለን፤ ምንጊዜም ቢያንስ ሁለት ሜትር የታወቀ ዓለት ከፊታችን እንዲቀር ማለት ነው። ሥራው ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ መሰርሰሪያው በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጽፋል፤ ሌላው የሚመለሰውን ውሃ ቀለም ያያል። ውሃው ግራጫ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ነጭ ከተለወጠ፣ ወይም መሰርሰሪያው በድንገት እንደ ቅቤ ከገባ፣ ሥራ ይቆማል። ከዚህ የረከሰ መድን የለም።

በ54ኛው ሜትር ላይ በሳን፤ እስከ 60 ጥሩ ነው። ቀጣዩ በ58 ላይ መሆን ነበረበት። ሐምሌ መጨረሻ ነበር፣ ዝናቡ ከብዷል፣ የሥራ ተቋራጩ በየቀኑ ስንት ሜትር እያለ ይደውላል፣ ደመወዝ የሚከፈልበትም ዓርብ ነበር። «ነገ እንበሳዋለን» አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ አልኩ። ሁለት ጊዜ አፈነዳን፤ 60.4 ደረስን። ለአርባ ደቂቃ ብዬ።

ከሠራተኞቹ መካከል ዕድሜአቸውን በሙሉ በአዳማ የውሃና የመፀዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ዓለቱን በዲጂኖ እየመቱ የሚፈትሹት እሳቸው ናቸው። ደህና ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል፤ የለቀቀ ድንጋይ ወይም ከጀርባው ባዶ ያለበት እንደ ቆዳ ከበሮ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። እሳቸው ግን ፊት ለፊቱን ግድግዳ ደግመው ደጋግመው መትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸ ድንጋይ ድምፁ ተለውጧል። ላብም አውጥቷል።»

አየሁት፤ ቀጭን እርጥበት ነበር። «ጋሼ፣ ክረምት ነው እኮ። የዛሬዋን እንጨርስና ነገ እንፈትሻለን» አልኳቸው። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ዲጂኖአቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ።

የዚያን ቀን ፍንዳታ በ61ኛው ሜትር ላይ ዓለቱን በሳው። ከጀርባው የጠበቀን ፑሚስ ነበር። በዚያ ቦታ መሬቱ በጥንት ዘመን በስንጥቅ ተቆርጦ አንዱ ወገን ወደ ታች ተንሸራትቷል፤ እኛ ካለንበት ኢግኒምብራይት አጠገብ እስከ ላይኛው አፈር ድረስ የሚደርስ የፑሚስና የአመድ ክምር ቆሟል። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚወርድ እህል ይፈስ ነበር። አንድ ልጅ ለማየት ቀረበ። ከዚያ አንድ ጊዜ መጣና እስከ ወገቡ ቀበረው።

እዚህ ላይ ያየሁትን ማንም ሊያውቀው ይገባል። ሰው እንዲህ ሲቀበር የመጀመሪያው ስሜት ብብቱን ይዞ መጎተት ነው። አይሆንም። ፍሬው ሰውነቱን ጨምቆ ስለሚይዘው መጎተት መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል እንጂ አያወጣውም። አዛውንቱ ጮኸው አስቆሙን። ኮንክሪት የሚሞላበትን የካሳፎርማ ጣውላ አስመጥተው በልጁ ዙሪያ እንደ ሳጥን ተከሉ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን በእጅና በጣሳ እየቀዳን አወጣነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ከድንጋጤ በቀር ደህና ነበር። በማግስቱ ሥራ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ልክ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የተሠራው በዚያው ሌሊት ነው። ፊታችን ላይ የተከመረውን ጠርገን ቀዳዳውን እናያለን ተባለ፤ እኔም ተስማማሁ። አራት ሜትር ኩብ ያህል አወጣን፤ ያን ያህል ተተካ። ደግመን አወጣን፤ ደግሞ ተተካ። የፈሰሰው ክምር ራሱ ቡሽ መሆኑን፣ ነቀልነው ማለት ጠርሙሱን ማፍሰስ እንደሆነ አልገባንም ነበር። እንዲህ ሲገጥምህ አትጥረግ። በአሸዋ ጆንያና በጣውላ ግድግዳ ሠርተህ ክምሩን እዚያው ቆልፈው፣ ከዚያ አስብ።

ንጋት ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከላይ ወርደው መጡ። «ልጆቼ፣ ከሥር ምን እያደረጋችሁ ነው? የበጎቹ በረት ገባ እኮ!» ስንወጣ ጓሮአቸው ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉድጓድ ተከፍቷል። በጎቹ ሌሊቱን ቤት ውስጥ አድረው ስለነበር ተርፈዋል። «ከትናንት ወዲያ መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ማን ጠየቀኝ ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። እውነትም ማንም አልጠየቃቸውም። ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በጓሮአቸው በኩል እርከን የሚመስል ዝቅታ ያልፋል፤ ቀያሽ ሆኜ ደጋግሜ ተራምጄበታለሁ። ሰው የሠራው እርከን መስሎኝ ነበር። ስንጥቁ ራሱ ነበር፤ ገጹ ላይ ተጽፎልን ሳናነበው ቀረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በዋሻው መስመር ላይ ካስማ ተክዬ ከፍታውን እለካ ነበር። በየቤቱም እየዞርኩ «እማማ፣ አዲስ ነገር አለ?» ማለት የሥራዬ አካል ሆነ። ቡናም አገኘሁበት።

ጉድጓዱን በሲሚንቶና አሸዋ ሞላነው፤ በረቱንም አደስን። ከዚያ 11 ሜትር ፑሚስ ለማለፍ 38 ቀን ፈጀብን። ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ ሥራው ከቆመበት ቦታ፣ በዋሻው አናት ዙሪያ፣ ሦስት ሜትር ርዝመት ያላቸውን ጫፋቸው የሾለ የብረት ቧንቧዎች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ትንሽ ወደ ላይ ዘመም አድርገን በ25 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ወደፊት ነዳን። በውስጣቸው የሲሚንቶ ውሃ ገፋን። ከዚያ ጃንጥላ ሥር ሆነን በዶማና በአካፋ ብቻ፣ ያለ ፈንጂ፣ ከላይ ወደ ታች በትንሽ በትንሹ ቆፈርን። የመሐሉን አፈር እስከ መጨረሻ አንነካውም፤ ፊት ለፊቱን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነውና። በየ80 ሴንቲ ሜትሩ የብረት ቅስት አቁመን፣ በጀርባው ጣውላ ሰክተን፣ በሽቦ መረብና በሚረጭ ኮንክሪት እንሸፍናለን። አዲሱ የቧንቧ ጃንጥላ ከአሮጌው ቢያንስ አንድ ሜትር መደራረብ አለበት። በሁለት ቀን 60 ሴንቲ ሜትር ከሄድን ደስ ይለን ነበር።

አዛውንቱ ከብረቱ ጎን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ካልተተከለ አልገባም ብለው ነበር። መሐንዲሶቹ ሳቁ። ምክንያታቸው ግን ትክክል ነው፤ እንጨት ሲጨነቅ ይጮኻል፣ ከመሰበሩ በፊት ያስጠነቅቅሃል፤ ብረት ዝም ብሎ ይጣመማል። እኔም በበኩሌ በየቅስቱ ግራና ቀኝ ሚስማር አበጅቼ ርቀቱን ጠዋትና ማታ እለካ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መጥበቡ አያስደነግጥም፤ መጥበቡ በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ መሬቱ እየረጋ ነው። መጥበቡ እየጨመረ ከመጣ ግን መሣሪያህን ትተህ ሰውህን አስወጣ።

የቀረውን 24 ሜትር በሰሜን በኩል ገብተን በሦስት ሳምንት ጨረስነው። እዚያ ግድ ሆኖ ቁልቁል ነበር የቆፈርነው፤ ስለዚህ ውሃም መጥፎ አየርም ታች ይጠራቀም ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል። አንድ ጠዋት የጋዝ መለኪያው ደረት ላይ ዝም ብሎ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት ጮኸ። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው የሚተነፍሰው የወለሉን ነው። በክብሪት መፈተን የሚባለውን ተወው፤ ክብሪቱ ሳይጠፋ ሰው ይወድቃል። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ በከፍታ አራት ሴንቲ ሜትር ተለያይተን ነበር። ለቀያሽ አያሳፍርም።

ቧንቧው ከገባ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ አለ፤ ከሽፋኑ ጀርባ የቀሩትን ባዶ ቦታዎች በሲሚንቶ ውሃ መሙላት። አይታይም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ገንዘብ ይበላል። ባዶ የተተወ ጓዳ ግን ዓመታት ጠብቆ ይናዳል፤ ውሃ ሲንጠባጠብበት ደግሞ ፈጥኖ። ትልልቆቹም ከመሬቱ ድንገተኛነት አላመለጡም። የጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ የውሃ ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንደኛው ግዙፍ ቆፋሪ ማሽን የተሰባበረ ዓለትና ጭቃ ገፍቶት ቆሞ ነበር። ዋሻው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከተመረቀ በኋላም በቀናት ውስጥ በከፊል ተደርምሶ ወራት የፈጀ ጥገና አስፈልጎታል። በዚያ ደረጃ የሚሠሩት ከተቸገሩ እኛ ጋሪ ገፊዎቹ እንዴት ሁለት ጉድጓድ በቂ ነው እንላለን?

ለወጣቱ መሐንዲስ ይህን ከጻፍኩ በኋላ የጥናት ወረቀቱን እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ላከው። ሁለት የፍተሻ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዱ መግቢያው ላይ፣ ሌላው መውጫው ላይ። በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር። ሦስተኛ መሐል ላይ እንዲያስቆፍር ነገርኩት፤ በጀት እንደሌለ መለሰልኝ። የእኛ ዋሻ በቆመባቸው ቀናት ለሠራተኛ፣ ለኮምፕሬሰር ኪራይና ለጥበቃ የወጣውን፣ የበጎቹን በረት ሳልረሳ፣ ከድሮ ማስታወሻዬ ደምሬ ከአንድ ጉድጓድ ዋጋ ጎን ጽፌ ላክሁለት። አለቃውን አሳይቶ እንደሚደውል ነግሮኛል።